«ነግሬያለሁ እኮ!»፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለደረሱን የተግባቦት ጥያቄዎች መልስ

በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ሰባት ደብዳቤዎች በሙሉ ከድሬዳዋና ከሐረር የተላኩ ናቸው። አምስቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አንዱ የመምህር፣ አንዱ የአባት ነው። ጉዳያቸው የተለያየ ቢመስልም አንድ የሚጋሩት ነገር አለ። ጸሐፊዎቹ የሚሉትን ብለዋል፤ ያሉት ነገር ሰሚው ዘንድ ምን ሆኖ እንደደረሰ ግን አላረጋገጡም። ተግባቦት በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ መልሶቻችንም ደጋግመው ወደዚያው ይመለሳሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«የተግባቦት ክፍሎች ተብለው ላኪ፣ መልእክት፣ መተላለፊያ፣ ተቀባይ፣ ግብረ መልስና መሰናክል ተምረን ለፈተና ሸምድጃቸዋለሁ። ግን ምን ይሠሩልኛል? ባለፈው ለቡድን ሥራ ለአምስት ልጆች በቴሌግራም 'ነገ 8፡00 ቤተ መጻሕፍት እንገናኝ' ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ ብቻ መጡ። የቀሩት 'መቼ በደንብ ነገርሽን?' ብለው ተቆጡኝ። ነግሬያለሁ እኮ! ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

የሸመደድሽው ዝርዝር ሥራ የሚጀምረው እንዲህ ያለ ነገር ሲበላሽ ነው። የባጃጅ መካኒክ ሞተሩ አልነሳ ሲለው ቤንዚኑን፣ ካንዴላውን፣ ባትሪውን በየተራ ያያል። አንቺም መልእክትሽን እንዲሁ በየተራ እይው።

መጀመሪያ መልእክቱን። «8፡00» ስትዪ ከቀትር በኋላ ማለትሽ ነበር። የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ለሆነ ልጅ ግን 8፡00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ያ ልጅ ጠዋት መጥቶ፣ ማንንም አጥቶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። «ነገ»ም እንደዚያው ነው፤ ማታ 5 ሰዓት ላይ የተጻፈ «ነገ» በማግሥቱ ለሚያነበው ሰው ሌላ ቀን ይሆናል። ቤተ መጻሕፍቱስ የትምህርት ቤታችሁ ነው ወይስ ሌላ? እነዚህ ሦስቱ የትርጉም መሰናክል የሚባሉት ናቸው። ቃሉ ደርሷል፣ ሐሳቡ አልደረሰም።

ቀጥሎ መተላለፊያውን። ቴሌግራም ዳታ ላለው ሰው ነው። በእናቱ ስልክ የሚጠቀም ወይም ጥቅል የሚገዛው አልፎ አልፎ የሆነ ልጅ መልእክትሽን የሚያየው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀልድና ፎቶ በሚጎርፍበት የክፍል ግሩፕ ውስጥ ከጻፍሽው ደግሞ ተቀብሮ ይቀራል። በእኛ እምነት ቀጠሮ፣ ገንዘብና ቅያሜ በትልቅ ግሩፕ ውስጥ ባይጻፉ ይሻላል።

ከትርጉሙ ሌላ ሦስት ዓይነት መሰናክሎች አሉ። አንዱ የአካባቢ ነው፤ የቬንትሌተር ድምፅ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የተቆራረጠ ኔትወርክ። ሁለተኛው የሰውነት ነው፤ ረሃብ፣ ራስ ምታት፣ የድሬ የቀትር ሙቀት። ከምሳ በኋላ ባለው ሰዓት በድሬዳዋ ከባድ ነገር ለማስረዳት መሞከር ልፋት ነው። ሦስተኛው የስሜት ነው። ባለፈው ወር ተኮራርፋችሁ ከነበረ «ነገ እንገናኝ» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር እንደ ትእዛዝ ሊነበብ ይችላል። የትኛው መሰናክል እንደሆነ ካላወቅሽ መፍትሔውም ይሳሳትብሻል። ትርጉሙ ለተምታታበት ልጅ ድምፅሽን ከፍ ብታደርጊለት ጥቅም የለውም፣ የተቀየመሽ ልጅም ሰዓቱን አሥር ጊዜ ብትደግሚለት አይመጣም።

መጨረሻ ላይ ግብረ መልስ። ትልቁ ክፍተትሽ ይህ ነው። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት የሚጠቅሱት የአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅና መሐንዲስ የክላውድ ሻነን የተግባቦት ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ለስልክና ለቴሌግራፍ ምልክት ማስተላለፊያ ነበር፤ በዓመቱ ዋረን ዊቨር ማብራሪያ ጨምሮበት በመጽሐፍ ታተመ። ከላኪ ወደ ተቀባይ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መስመር ስለነበር ግብረ መልስ አልነበረበትም። ለሽቦ ያ ይበቃል። ለሰው ስለማይበቃ በኋላ የመጡ ምሁራን ግብረ መልስን ጨመሩ። ዲን ባርንሉንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ንድፍ ደግሞ ሁለቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ ላኪም ተቀባይም ናቸው፤ አንቺ ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው ፊት እየነገረሽ ነው። ቴሌግራም ላይ ያ ፊት የለም። ያገኘሽው የአውራ ጣት ምልክት «አይቼዋለሁ» ይላል እንጂ «ገብቶኛል፣ እመጣለሁ» አይልም።

ስለዚህ መልእክቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ሐሙስ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ። እስከ 10 ሰዓት እንቆያለን። የባዮሎጂ ደብተር ይዛችሁ ኑ። ያነበበ 'ሐሙስ ከሰዓት 8' ብሎ ይመልስልኝ፤ የማይመቸው እስከ ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ይንገረኝ።» የቀኑ ስም፣ የቀኑ ክፍል፣ ቦታው፣ የሚቆየው ጊዜ፣ የሚያዘው ነገር፣ የሚመለስበት መንገድ ሁሉም አለበት። እስከ ማታ ያልመለሰውን ልጅ በስልክ ጥሪው ወይም ክፍል ውስጥ በቃል ንገሪው።

ፊት ለፊት ስታወሩ «ምን አልኩህ? ድገምልኝ» አትበዪ፤ ፈተና ይመስላል፣ ያስከፋል። «በደንብ ማስረዳቴን ልይ፣ አንተ እንዴት ያዝከው?» ብትዪ የማስረዳቱን ሸክም ራስሽ ትወስጃለሽ፣ ጓደኛሽም ሳያፍር ይነግርሻል። ጥፋቱ የማን ነው ላልሽው፣ አንብበው ሳይጠይቁ ዝም ያሉትም ድርሻ አላቸው። ትልቁ ድርሻ ግን የላኪው ነው፤ በልብሽ ያለውን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽና።

«አባቴ ሥራ ተቀይሮ ከደብረ ማርቆስ ወደ ድሬዳዋ መጣን። እዚህ ልጆች ትልልቅ ሰዎችን 'አንተ'፣ 'አንቺ' ሲሉ እሰማለሁ። የጓደኛዬን እናት 'እርስዎ' ስላቸው 'ምነው አራቅሽኝ?' አሉኝ። ሲያናግሩኝ ቀና ብዬ ስለማላይ ደግሞ ኩሩ ነች ይሉኛል። የትኛውን ልያዝ?»
*የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ*

ሁለቱንም ያዢ፤ የትኛውን የት እንደምትጠቀሚ ማወቅ ነው የሚያስፈልግሽ።

በድሬዳዋና በሐረር «አንቱታ» እንደ ጎጃምና እንደ ሸዋ አይዘወተርም። አማርኛው ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛና ከሐረሪ ጋር በአንድ ገበያና በአንድ ግቢ አብሮ ያደገ ነው፤ እነዚህ ቋንቋዎች ደግሞ አክብሮትን የሚገልጹት በየራሳቸው መንገድ ነው። የድሬ ሰው «አንቺ» ሲልሽ ወይም «አንቺ በይኝ» ሲልሽ ቤተኛ እያደረገሽ ነው። የጓደኛሽ እናት የሰሙት አክብሮትሽን ሳይሆን ርቀትሽን ነው። አንቺም በበኩልሽ ልጆቹ «አንተ» ሲሉ የሰማሽው ንቀት ሊመስልሽ ይችላል፤ እነሱ ግን ንቀት በልባቸው የለም። አንድ ቃል በተነገረበት ዐውድ ተቀብሎ መፍታት ማለት ይህ ነው።

በተግባር እንዲህ አድርጊ። ከማታውቂው ትልቅ ሰው ጋር በ«እርስዎ» ጀምሪ፤ የትም ቦታ የሚያስቀይም አጀማመር አይደለም። ሰውየው ወይም ሴትየዋ «አንቺ በይኝ» ካሉሽ፣ ወይም የራሳቸው ልጆች እንደዚያ ሲጠሯቸው ደጋግመሽ ከሰማሽ ተቀየሪ። ካስቸገረሽ የዝምድና መጠሪያውን ያዢ፤ «እማማ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» የሚለው ቃል ራሱ አክብሮቱን ስለሚሸከም ከኋላው «አንቺ» ቢከተልም ቅር አያሰኝም። መምህር፣ ርእሰ መምህር፣ ሐኪም ቤትና መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን «እርስዎ»ን አትልቀቂ። ግራ ሲገባሽ ደግሞ «እንዴት ብጠራዎ ደስ ይልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ ዓይን ነገር ስንመጣ፣ በትልቅ ሰው ፊት ዓይንን ዝቅ ማድረግ ባደግሽበት ቤት ጨዋነት ነው። ከውጭ የተተረጎሙ የተግባቦት ትምህርቶች ደግሞ «የሚያናግርህን ሰው ዓይን ተመልከት» ይላሉ። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። መሃከለኛው መንገድ ሰላምታ ስትሰጪና ዓረፍተ ነገርሽን ስትጨርሺ ቀና ብሎ ማየት፣ በመሃል ዓይንን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን መመለስ ነው። ዓይን ከከበደሽ ግንባራቸውን እዪ፤ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። የክፍል ጓደኞችሽን ግን በሙሉ ዓይንሽ እያየሽ አናግሪ፤ «ኩሩ» የሚለው ስም የመጣው ከእነሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ርቀትም በመጽሐፍ የምታነቢውን ቁጥር በጥንቃቄ ያዢው። ኤድዋርድ ሆል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራ የቅርብ ሰው ርቀት እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ የጓደኛ ከዚያ እስከ 1.2 ሜትር፣ የሥራ ግንኙነት እስከ 3.6 ሜትር ገደማ ብሎ ለይቷል። ያየው ግን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚኖሩ ሰዎችን ነበር፤ ለዓለም ሁሉ እንደማይሠራም ራሱ አስጠንቅቋል። ወንድ ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው በሚሄዱበት፣ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በሚያወሩበት አገር 45 ሳንቲ ሜትር የትም አያደርስም።

«የተግባቦት ሥልጠና የሰጠን ሰው 93 በመቶው መልእክት በሰውነት እንቅስቃሴና በድምፅ ነው የሚተላለፈው፣ ቃል 7 በመቶ ብቻ ነው አለን። እውነት ነው?»
*የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሸዋ በር፣ ሐረር*

አይደለም፤ ቢያንስ እንደዚያ ተጠቅልሎ አይደለም። ይህ ቁጥር ስንት የሥልጠና አዳራሽ እንደዞረ ስለምናውቅ ምንጩን ብንነግርህ ይሻላል።

የመጣው አልበርት መሕራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው። በአንደኛው ተሳታፊዎች በተለያየ የድምፅ ቃና የተቀዱ ነጠላ ቃላትን ሰሙ። በሌላኛው «ምናልባት» የሚል አንድ ቃል በተለያየ ቃና እየሰሙ የሰው ፊት ፎቶ አዩ። የተጠየቁት ተናጋሪው ይወዳል ወይስ ይጠላል የሚለውን ብቻ ነው። ከሁለቱ ውጤት ተቀምሮ ቃል 7፣ ቃና 38፣ ፊት 55 በመቶ የሚለው ወጣ። እንግዲህ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ስሜት፣ ያውም ቃልና ቃና ሲጋጩ ነው። ስለ ትምህርት ገለጻ፣ ስለ ዜና ወይም ስለ ቀጠሮ ምንም አይልም። በቀላሉ መፈተን ትችላለህ፦ ሶማልኛ የማትሰማ ከሆነ የሶማልኛ ዜና በቴሌቪዥን እይ። የአንባቢዋን ፊትም ድምፅም ታገኛለህ። 93 በመቶው ገባህ?

ከጥናቱ የሚወሰድ ጠቃሚ ነገር ግን አለ። ጓደኛህ ፊቱን አዙሮ «አልተናደድኩም» ቢልህ የምታምነው ፊቱን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወዲያው ፈራጅ ስለሚሆን ነው። ፍርድ ከመስጠትህ በፊት ሦስት ነገር አጣራ። ይህ ሁኔታው ከወትሮው የተለየ ነው ወይስ ተፈጥሮው ነው? ምልክቱ አንድ ብቻ ነው ወይስ ቃናው፣ ፊቱና አቀማመጡ ሁሉ አንድ ነገር ይናገራሉ? ሌላ ምክንያትስ ሊኖር አይችልም? በረመዳን ከሰዓት በኋላ ወይም በዐቢይ ጾም ዝም ያለ ልጅ ርቦት ሊሆን ይችላል፤ እጁን አጣምሮ የተቀመጠውም የሐረር ጠዋት በርዶት ይሆናል። ከዚያ ጠይቀው፤ «ዛሬ ዝም ብለሃል፣ እኔ ያልኩት ነገር አለ ወይስ ደክሞህ ነው?» ሁለት በር ከፍተህ ስትጠይቀው በአንዱ ይወጣል።

«የቅርብ ጓደኛዬ ልጆች ፊት ስለቤታችን ሁኔታ ቀለደብኝ፤ ሁሉም ሳቁ። በሌላ ልጅ በኩል 'ተቀይሜሃለሁ' ብዬ ላክሁበት። እሱ 'ኧረ አቦ፣ ቀልድ አያውቅም እንዴ!' አለ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ጓደኝነታችንን አልጠላሁትም። እንዴት ልጀምር?»
*የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ*

ከሁሉ በፊት «አለ አሉኝ» የሚለውን እንየው። አንተ የላክኸው ቃል በመልእክተኛው አፍ አልፏል፣ የሱም መልስ በዚያው አፍ ተመልሷል። መልእክተኛው ቅን ቢሆን እንኳ የአንተን የተሰበረ ድምፅ ይዞ መሄድ አይችልም። ጓደኛህ የሰማው ወቀሳ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መልሱንም የተናገረው ሌሎች ልጆች እየሰሙ ከሆነ የተናገረው ለእነሱ ነው። ሽምግልና ባህላችን ነው፣ ጥሩም ባህል ነው፤ ቦታው ግን ሁለቱ ሰዎች ሞክረው ሲያቅታቸው ነው።

ስለዚህ ራስህ አናግረው፣ ብቻውን። «ዛሬ ከትምህርት በኋላ አሥር ደቂቃ ፈልጌህ ነበር፣ ለጠብ አይደለም» ብለህ ጀምር። ቆማችሁ ፊት ለፊት ከምትፋጠጡ ጎን ለጎን እየተራመዳችሁ ብታወሩ ይቀላል። ፀሐይዋ በረድ ስትል በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ያሉት መንገዶች ለዚህ የተሠሩ ይመስላሉ። ንዴትህ ትኩስ ከሆነ ግን አትሂድ፤ ልብህ እየመታ የምትናገረው ሁሉ ስድብ ይሆናል።

የምትለውን አስቀድመህ በአራት ዓረፍተ ነገር ጻፈው። አንደኛው የሆነው ነገር ነው፣ ቪዲዮ ቢቀረጽ የሚታየው ብቻ። ሁለተኛው ያስከተለብህ። ሦስተኛው የተሰማህ። አራተኛው የምትፈልገው። ምሳሌ፦

«ሰኞ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ፊት ስለቤታችን ተናገርክ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም እያነሱ ይጠይቁኛል። አፈርኩ፤ ከአንተ ስለመጣ ደግሞ የበለጠ ከፋኝ። የነገርኩህ የቤታችን ነገር በእኛ መሃል እንዲቀር እፈልጋለሁ።»

ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «አንተ እንዲህ ነህ» ከማለት «እኔ እንዲህ ሆንኩ» ማለትን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቶማስ ጎርደን ለወላጆችና ለመምህራን ሲያስተምረው ኖሯል። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ «አንተ ራስ ወዳድ ነህ» የሚለውን ጓደኛህ ይክዳል፣ «አፈርኩ» የሚለውን ግን ማንም «አላፈርክም» ብሎ ሊከራከርህ አይችልም።

ሙከራው የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ፣ ደጋግመውም የሚታዩ ናቸው። «ሁሌ እንዲህ ነህ» ካልክ ጓደኛህ ያላደረገበትን አንድ ቀን ፈልጎ ያመጣብህና ወሬው ወደዚያ ይሄዳል። «እንደናቅከኝ ተሰማኝ» ማለትም ስሜት መግለጽ አይደለም፣ ክስ ነው፤ ስሜት የሚባሉት ማፈር፣ መከፋት፣ መፍራት፣ መናደድ ናቸው። የአምና ቂም ከጨመርክበት ደግሞ የሰኞው ጉዳይ ይጠፋል። ሌላው ስህተት አራቱን ዓረፍተ ነገሮች ተናግሮ ዝም አለማለት ነው። ከጨረስክ በኋላ ዝምታው ቢከብድህም ቆይ። እሱ ለማሰብ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ አንተ ያሰብክበት ስንት ቀን ነው፣ እሱ የሰማው አሁን ነው።

ከዚያ ተራው የሱ ነው፣ ያንተ ሥራ መስማት ነው። መልስ እያዘጋጁ ዝም ማለት መስማት አይደለም። የነገረህን በራስህ ቃል መልሰህ ንገረው፦ «ለማሳቅ ብቻ ያልከው ነበር፣ እንደሚከፋኝ አላሰብክም፣ እንዲህ ነው?» ካርል ሮጀርስና ሪቻርድ ፋርሰን እ.ኤ.አ. በ1957 በንቁ ስሜት ማዳመጥ ብለው የጻፉት በዋናነት ይህ ነው። መድገምህ ተስማምተሃል ማለት አይደለም፤ ደርሶኛል ማለት ነው። «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ካለህ በኋላ ያንተን ጨምር፦ «ቀልድ እንደሆነ ገባኝ። በሌላ ነገር ቀልድ፣ እስቃለሁ። በቤታችን ግን አይሁን።» ጨዋታ በሚወደድበት በድሬ ከተማ ይህ መለያ መስመር ያስፈልጋል፤ ጨዋታውን ሳትገፋ ድንበሩን ታሳያለህ።

ይቅርታ ከጠየቀህ በአንዴ ተቀበለው፣ ንግግሩን አታስረዝም። ስቆ ካለፈው ግን አራተኛውን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ደግመህ ተለየው፤ ምናልባት በማግሥቱ ይመጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ይህ አካሄድ ለሚዋደዱ ጓደኛሞች ነው። ሆን ብሎ በየቀኑ የሚያዋርድህ፣ የሚያስፈራራህ ወይም የሚመታህ ልጅ ካለ አራት ዓረፍተ ነገር አትጻፍለት፤ ለክፍል ኃላፊ መምህርህና ለቤተሰብህ ዛሬውኑ ተናገር።

«ክፍል ፊት ወጥቼ ሳቀርብ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ የሸመደድኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?»
*የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሐረር*

ሙሉውን አትሸምድጂ፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም የሚጠፋው ለዚህ ነው። በቃልሽ የምትይዢው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ብቻ ይሁን። የቀረውን በትንሽ ወረቀት ላይ አራት ወይም አምስት ቁልፍ ቃላት አድርገሽ ያዢ። ቤት ውስጥ ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ በሰዓት ለክተሽ ሦስት ጊዜ አቅርቢ፤ በልብ ማንበብ ፈጣን ስለሆነ ሰዓቱን ያሳስትሻል። ከመነሳትሽ በፊት እስከ አራት እየቆጠርሽ አየር አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ አስወጪ፣ አምስት ጊዜ። ሁለቱን እግርሽን እኩል አቁሚ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ፊት እያልሽ ተናገሪ። ከጠፋብሽ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግመሽ ወረቀቱን እዪ።

ደግሞም መንቀጥቀጥሽ አንቺ የሚሰማሽን ያህል ለሌላው አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህ አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ አቅርበዋል። ይኸው ነገርንሽ።

«ከ50 በላይ ተማሪዎች አሉኝ። አፍ መፍቻቸው ኦሮምኛ፣ ሐረሪ፣ ሶማልኛና አማርኛ ነው። የቡድን ውይይት ስሰጥ በየቡድኑ ሁለት ልጆች ያወራሉ፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ ወይም ዝም ይላሉ። ምን ቢደረግ ይሻላል?»
*መምህር፣ ሐረር*

መምህር፣ ቡድኑን ከአራት ልጅ አያብዙት። ስድስት ሲሆኑ ሁለቱ መደበቂያ ያገኛሉ። ውይይቱንም በንግግር አያስጀምሩት፤ መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ ለሁለት ደቂቃ ለብቻው፣ በሚመቸው ቋንቋ፣ መልሱን ይጻፍ። በሁለተኛ ቋንቋው የሚናገር ልጅ ሐሳቡን ማሰብና ቃሉን መፈለግ ሁለት ሥራ ስለሚሆንበት ይዘገያል፤ እሱ ቃሉን ሲያገኝ ፈጣኑ ልጅ ርዕሱን ጨርሶታል። ዝምታው በአብዛኛው አለማወቅ አይደለም። ቀጥሎ በዙር እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ይናገር፣ በዚያች ደቂቃ ማንም አያቋርጥ። ከዙሩ በኋላ ነጻ ውይይት ሲጀመር አንድ ሕግ ያኑሩ፦ የራሱን ሐሳብ የሚናገር ተማሪ ከፊቱ የተናገረውን ልጅ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ፣ ያ ልጅ «አዎ» ካለው በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ይሳሳቃሉም፤ ጥቂት ጊዜ ታግሠው ይዩት።

ከመድረኩ ላይም አንድ ነገር አለ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደነበር፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት ግን መልሶቹ እንደረዘሙና ሳይጠሩ የሚመልሱት ተማሪዎች እንደበዙ አሳይታለች። ሁለት ቦታ ይጠብቁ፤ ከጥያቄዎ በኋላ፣ እንዲሁም ተማሪው መልሶ ዝም ካለ በኋላ። ሁለተኛው ላይ ብዙ መምህር «ጎበዝ፣ ቀጥሎ» ይልና ልጁ ሊጨምር የነበረውን ይቆርጥበታል።

«ልጄ 10ኛ ክፍል ነች። ስትመለስ 'ትምህርት እንዴት ነበር?' እላታለሁ፤ 'ደህና' ትልና ወደ ክፍሏ ትገባለች። ከእናቷ ጋር ግን ታወራለች።»
*አባት፣ መጋላ፣ ድሬዳዋ*

ጥያቄዎ «ደህና» ከሚለው ሌላ መልስ አይጠይቅም። ስለ ቀኑ በሙሉ ከመጠየቅ አንድ የሚያውቁትን ነገር ያንሱ፤ «ትናንት የፈራሽው የሒሳብ ፈተና ምን ዓይነት ጥያቄ ይዞ መጣ?» ቢሏት የሚነገር ነገር ታገኛለች። ሰዓቱንም ይቀይሩ። በቀትር ፀሐይ ተቃጥላ የገባች ልጅ ውኃና ዕረፍት እንጂ ጥያቄ አትፈልግም፤ ማታ፣ አየሩ ሲነፍስ፣ አብራችሁ አንድ ሥራ ስትሠሩ ይሻላል። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

እናቷ ምን እያደረጉ እንደሆነ ይመልከቱ። ምናልባት ሰምተው ዝም ይሉ ይሆናል። አባቶች በፍቅር ብዛት ወሬው ሳያልቅ ምክር እንሰጣለን፣ ልጅ ደግሞ ያን ጊዜ ወሬውን ትዘጋለች። ልጅዎ ችግር ስትነግርዎ መጀመሪያ «ልስማሽ ብቻ ወይስ ሐሳቤን ልንገርሽ?» ብለው ይጠይቋት። «ስማኝ» ካለች ስልኩን ገልብጠው ያስቀምጡና ይስሙ፤ ሲጨርሱ የሰሙትን በአጭሩ ይድገሙላት። የነገረችዎትን ደግሞ ለአክስቷም ለጎረቤትም አያውሩ። አንድ ጊዜ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማችው «ደህና» ወደምትለው መልሷ ትመለሳለች፣ ከዚያ እንደገና ማስጀመር ወራት ይፈጃል።